በቁሙ ያለቀስኩለት ተዋናይ

በቁይ ከተማ ሰው ሲሞት ሙሾ የማወርደው እኔ ነኝ። ባለፈው ክረምት አንድ ሽማግሌ የፊልም ተዋናይ ቤቴ ድረስ መጡ። ዕድሜ ልካቸውን ነፍሰ ገዳይ ሆነው ሲሠሩ ያየኋቸው ሰው ናቸው።

«በአዲሱ ፊልም ደግ አባት ሆኜ ነው የምሞተው። እስከ ዛሬ በየፊልሙ ስሞት ያለቀሰልኝ የለምና ልለማመደው፤ እስቲ አልቅሽልኝ» አሉኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ በቁሙ ላለ ሰው አይለቀስም፤ ሟርት ነው!» ብላቸው አልሰማ አሉ። ጋቢያቸውን ተከናንበው መደቡ ላይ ተጋደሙ።

ምን ብዬ ላሞግሳቸው? የማውቀው ግድያቸውን ብቻ! እንደ ምንም ጀመርኩ። ድምፄ ሲሟሟቅ ግን አፌ በራሱ፣ «አስካለ ከግራሩ ሥር ብቻዋን ተኝታ ትጠብቅሃለች» አለ። አስካለ የምትባል ሰው አላውቅም።

ጋቢው ተገፈፈ። ደጉ አባት የለም፤ ያ የድሮው የፊልም ፊታቸው አፈጠጠብኝ።

«ከግራሩ ሥር መሆኗን ማን ነገረሽ?»