የእንቁራሪቱ ድግስ

ማክ ሳዖዳ የመንደራችን የድግስ ወጥ ሠሪ ነበረች። ነበረች ስል ሞታ አይደለም፤ ዛሬም ከቤቴ አጠገብ አለች። «ማክ» የምንላት እንደ እናት ስለምናያት ነው። ሠርግ ወይም ሰደቃ ያለበት ሰው መጀመሪያ የሚሄደው እሷ ዘንድ ነበር፤ ራሱ፣ በእግሩ፣ ሰው ሳይልክ። እሷ እሺ ካለች ሴቱ ሁሉ ቢላውን ይዞ ይወጣል። ኮኮናት የሚፍቀው ይፍቃል፣ እኔ ሽንኩርት እልጣለሁ፣ የሥጋውን ድስት ግን ከእሷ በቀር የሚነካው የለም። እምቢ ካለች ማንም ዝር አይልም። ከከተማ በካርቶን የታሸገ ሩዝ አስመጥቶ ጎረቤቱን ያበላ ሰው ደግሞ እስኪሞት መሳቂያ ነው።

ባሏ የጎማ ዛፍ እየበጣ ወተቱን ሲሰበስብ ኖሮ በጉልምስናው ሞተባት። ቀጥሎም ጡት የሚጠባ ልጇ ሞተ። ያኔ የመምህር ሐስኑል ሚስት ወልዳ ታማ አልጋ ላይ ነበረችና ሳዖዳ ሕፃኗን ወስዳ አጠባቻት። ሊያና የጡት ልጇ ናት፤ በእኛ ዘንድ ይህ ከሥጋ ዝምድና አያንስም። እንግዲህ ይኸው ሐስኑል ለግዛቱ ምክር ቤት ሲወዳደር ሳዖዳ አፉ ሆነችለት። ቤት ለቤት ዞረች። «ልጁን ያሳደግኩለት ሰው ነው፣ ዋሱ እኔ ነኝ» አለች። ሰዉ ለሐስኑል ሳይሆን ለእሷ ቃል ብሎ መረጠው። ፓርቲውም በአንድ ወንበር ብልጫ ግዛቱን ያዘ።

ዓመት ሳይሞላው ዘለለ። ከፓርቲ ወደ ፓርቲ የሚዘለውን እንቁራሪት እንለዋለን፤ ያኔ መዝለልን የሚከለክል ሕግ አልነበረም። የግዛታችን ሱልጣን የምክር ቤቱን አባላት አንድ በአንድ ወደ ቤተ መንግሥት አስጠርተው «ከማን ጋር ነህ?» ብለው ጠየቁ። ሐስኑል ትናንት ሲሰድበው ከነበረው ሰው ጋር ነኝ አለ። የነበረው ዋና ሚኒስትር ምክር ቤቱ ይበተንና ሕዝቡ እንደገና ይምረጥ ብሎ ለመነ። መፍቀድም መንሳትም የሱልጣኑ ነው፤ ብዙኃኑን የያዘ ሌላ ሰው አለ ብለው አልፈቀዱም። በማግስቱ አዲስ ዋና ሚኒስትር ቃለ መሐላ ፈጸመ፤ ሐስኑልም ካቢኔ ገባና የክብር ማዕረግ ተሰጥቶት ዳቱክ ተባለ። ስለ ሱልጣኑ ክፉ አይወጣኝም፤ ሕጉ ቁጠሩ አላቸው፣ ቆጠሩ። እኔን የሚያስጠላኝ የተቆጠረው ነው።

ሳዖዳ ቤታችን መጥታ በወረዳው ጽሕፈት ቤት የሚሠራውን ባሌን ጠየቀችው።

«እንግዲህ የኛ ድምፅ የት ገባ?»

«ማክ፣ እኛ ሰውየውን እንመርጣለን። ሰውየው አለቃውን ይመርጣል። ሱልጣኑ ሰዎቹን ይቆጥራሉ። እኛን እስከሚቀጥለው ምርጫ የሚቆጥረን የለም።»

«ሰውየው ቢዘልስ?»

«ወንበሩም አብሮት ይዘላል።»

የምታኝከውን ቅጠል ደጃፌ ላይ ተፋችው። ጠርጊው አላልኳትም።

ከዚያ የሊያና ሠርግ ደረሰ። ዳቱክ ሐስኑል አዲሱን መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ በእግሩ መጣ። እኔ ከሳዖዳ ጋር በረንዳው ላይ ነበርኩ።

«ማክ፣ ሊያና የእርስዎም ልጅ ናት። ያለ እርስዎ ድስቱን ማን ይይዘዋል?»

«ሱልጣኑ ፊት ቀርበህ ምን አልክ?»

«እኔ እኮ ሕግ አልጣስኩም፣ ማክ።»

«ጣስክ አላልኩም። ምን አልክ ነው የምልህ።»

«ለሕዝቡ የሚበጀውን ነው ያሰብኩት።»

«ሕዝቡ ይኸው እኔ ነኝ። መቼ ጠየቅከኝ?»

ሳዖዳም «እሺ፣ ሴቶቹን ልጠይቅ። አንተ በተጠየቅከው ዓይነት» አለችው።

እንዳለችውም አደረገች። ሴቶቹን አንድ በአንድ ወደ ጓዳዋ እያስገባች «ከማን ጋር ነሽ?» አለቻቸው። ሁሉም ከእሷ ጋር ሆኑ። ቀኝ እጇ የነበረችው ራሂማህ ደግሞ ከሁሉ ብሳ «ለዚያ እንቁራሪት አንዲት ቃሪያ ብቆርጥ እጄ ይቆረጥ» አለች። ሳዖዳ ኮራች፤ ወዲያው ደግሞ ስለ ሊያና አለቀሰች። ልጅቷ ምን አጠፋች? በመጨረሻ ለሙሽራዋ ብቻ በትንሽ ድስት ልትሠራ ቆረጠች። እንግዳው የካርቶኑን ሩዝ ይብላ።

በሠርጉ ቀን ድስቷን ሁለታችን ይዘን ሄድን። ከሐስኑል ጓሮ ጭስ ይወጣል፤ የተጠበሰ ቅመም ይሸታል። ስንገባ ሴቶቹ ሁሉ እዚያው ናቸው፣ አንድም የቀረ የለም። ኮኮናቱ ይፋቃል፣ ሳቁ ሌላ ነው፣ ትልቁን ጭልፋ የያዘችው ራሂማህ ናት። ሰሞኑን በየጓሯቸው የተቆለለውን አዲስ ቆርቆሮ አይቼ ነበር። ዝናቡ ስለደረሰ ገዝተው ነው ብዬ አልፌዋለሁ፣ ሞኟ።

«ቤቴ ያፈስ ነበር፣ ማክ» አለች ራሂማህ፣ ቀና ሳትል።

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን እንዲያ አልሽኝ?»

«ስለጠየቁኝ ነዋ።»

ሽንኩርት አብረውኝ የላጡትን ሴቶች ፊት ማየት አቃተኝ። ሐስኑል ሐር ለብሶ፣ ጥርሱን ገልጦ ብቅ አለ።

«ማክ፣ እንኳን መጡ። ቦታዎ እኮ ይጠብቅዎታል።»

ሳዖዳ እሱንም ሴቶቹንም አየች። «ሐስኑል፣ እስከ ዛሬ ርካሽ አንተ ብቻ ትመስለኝ ነበር» አለችውና ወደ ሙሽራዋ ክፍል ገባች። ሊያናን በእጇ አጎረሰቻት። ልጅቷ እያለቀሰች ድስቱን ጨረሰችው።

ከዚያ ወዲህ ሳዖዳ የድግስ ድስት ነክታ አታውቅም። የድግሱ ወጥ ሠሪ ዛሬ ራሂማህ ናት፤ ቅባት ታበዛለች፣ የሚናገራት ግን የለም። ባለፈው ምርጫ ሰሞን ጎረቤቶች እንደ ልማዳቸው ሳዖዳ ደጅ ተሰበሰቡ። ሐስኑልም ራሂማህም መሐላቸው ነበሩ።

«ማክ፣ ማንን እንምረጥ? እርስዎ ሰው ያውቃሉ» አላት አንዱ።

«እኔ የማውቀው ሰው የለም» አለችና በሩን ዘጋችው።