ለጾም ምግብ ቤታችን ቢላ ፍለጋ ወደ አንበሳሜ

ከባሕር ዳር የወጣሁት ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ጉዳዬ ለብዙ ሰው ተራ ይመስል ይሆናል፤ የወጥ ቤት ቢላ ልገዛ ነበር።

እኔና ታናሽ እኅቴ የሺ ጣና ዳር ትንሽ የጾም ምግብ ቤት አለችን። ሥጋ አናስገባም። ቀኑን ሙሉ የምንቆርጠው ጎመን፣ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ድንችና ዱባ ነው። ከዚያ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ የሺ ዱባ ስትሰነጥቅ የቢላው የፕላስቲክ እጀታ ተሰበረ፤ እጇ ወደ ስለቱ ሾለከና ሌባ ጣቷን ክፉኛ ቆረጣት። ሐኪሙ ሰፋላት፤ ጣቷ ይታጠፍ አይታጠፍ ግን ገና አልታወቀም ነበር። እሷም «ከእንግዲህ ቢላ አልጨብጥም» ብላ ቁርጡን ነገረችኝ። ዐቢይ ጾም ሊገባ ዐሥር ቀን ቀርቶት ነበር። ያለ እሷ እንዴት እንደምወጣው አላውቅም ነበር።

መንገዱን የጠቆሙኝ ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ ናቸው፤ ዓሣ አስጋሪ ናቸው። የእኛን የተሰባበሩ ቢላዎች አይተው የራሳቸውን አወጡ። ስለቱ በመሳል ብዛት ግማሹ አልቋል፤ እጀታው ግን ንቅንቅ አይልም።

«ዘጠኝ ዓመቱ ነው» አሉኝ። «አንበሳሜ ያሉ አያ ደሴ የሚባሉ ቀጥቃጭ ናቸው የሠሩልኝ። በየጊዜው እየገዛሽ ከምትጥዪ አንዴ ሄደሽ ደኅናውን ግዢ።»

የተሰባበሩትን በጋዜጣ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁና ተነሣሁ።

ሐሙሲት፣ ሁለት ሰዓት

የዓባይን ድልድይ ተሻግረን ዘንዘልማን ስናልፍ ፀሐይዋ ገና አልበረታችም። ማሳው ታጭዶ ደርቋል፤ አልፎ አልፎ ብቻ በመስኖ የበቀለ ሽንኩርት አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ሐሙሲት ላይ ሻይ በቦምቦሊኖ ቀምሼ የአንበሳሜን ሚኒባስ ያዝሁ።

አጠገቤ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ለገበያ የያዘች ሴት ተቀምጣለች።

«ወዴት ነሽ እታለም?»

«ቢላ ልገዛ ነው፤ አያ ደሴ ዘንድ።»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «መግዛቱንስ ግዢ፤ ከቤታቸው ግን እህል እንዳትቀምሺ። ጠይቦች ናቸው፤ ዓይናቸው ይበላል።» ይህን ብላ ከጤና አዳሙ አንድ ዘለላ ቀነጠሰችና ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችልኝ። ከቡዳ ይጠብቃል ተብሎ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ያደግሁት ወሬ ስለሆነ አልሳቅሁም፤ አውጥቼም አልጣልሁትም።

አንበሳሜ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል

የአያ ደሴ ቤት ከገበያው አለፍ ብሎ ዳር ላይ ነው። ሚስታቸው እትዬ አለምነሽ ወናፉን ይነፋሉ፤ እሳቸው ከአሮጌ መኪና የወጣ የባሌስትራ ብረት አግለው ይቀጠቅጣሉ። ደጃፉ ላይ የተሠሩ ቢላዎች ተደርድረዋል። እኔ ትልቁንና የሚያብረቀርቀውን አነሣሁ፤ አራት ለመግዛት አስቤ ነበር።

«ምን ልትቆርጪበት ነው ልጄ?»

«ጎመን፣ ሽንኩርት፣ ዱባ። ሥጋ የለም።»

«እንግዲያ አስቀምጪው። ይህ የሥጋና የአጥንት ነው። ወፍራም ስለሆነ ጎመኑን ይጨፈልቅብሻል።» አንድ ስስ ቢላ አንሥተው በጣታቸው መታ አደረጉት። «ይህ ለቅጠልና ለሽንኩርት። ይህ ከበድ ያለው ለዱባና ለጥቅል ጎመን። ሁለት ይበቃሻል፤ አራት ምን ያደርግልሻል?»

ሻጭ «አትግዢ» ሲል ሰምቼ አላውቅምና ደነገጥሁ። የየሺን ጉዳት ስነግራቸው መዶሻውን አስቀመጡ።

«ሰው የሚያየው ስለቱን ነው፤ እጅ የሚያስበላው ግን እጀታው ነው» አሉኝ። የብረቱ ጭራ በደረቀ የወይራ እንጨት ውስጥ እስከ ጫፍ ዘልቆ እንዴት እንደታጠፈ አሳዩኝ። «እጇ ከእጅሽ ያንሳል ይበልጣል?» «ያንሳል» አልሁ። እጀታውን ቀጠን አድርገው ሊያበጁት፣ ከስለቱ ሥርም እጅ እንዳይሾልክ ወጣ ያለ ማገጃ ሊተዉለት ቃል ገቡ።

«እስቲ የተሰባበሩትን አሳዪኝ።»

ጋዜጣውን ስስብ ጤና አዳሙ አብሮ ወጥቶ መሬት ላይ ወደቀ። ወናፉ ቆመ። እትዬ አለምነሽ ጎንበስ ብለው አነሡትና አሸተቱት።

«ከመኪናው ላይ ነው የሰጡሽ?»

«አዎ» አልሁ። ፊቴ ጋለ።

«ሁሌም ይሰጣሉ» አሉ፤ ቁጣ የለባቸውም። «በእኛ ማረሻ ያርሳሉ፣ በእኛ ማጭድ ያጭዳሉ፤ እህላችንን ግን አይቀምሱም።»

ወደ ውስጥ ገብተው የስንዴና የሽምብራ ንፍሮ በሳህን ከበርበሬ ድቁስ ጋር አመጡና ፊቴ አስቀመጡት። «ባትበዪ አልቀየምሽም» አሉኝ።

እውነቱን ልናገር፤ የመጀመሪያውን ጭብጥ የወሰድሁት እየፈራሁ ነው። ሁለተኛውን የበላሁት ስለራበኝ ነው፣ ሦስተኛውን ስለጣፈጠኝ። ይህን ሲያዩ እትዬ አለምነሽ ጤና አዳሙን በጣቶቻቸው ሰባብረው ድቁሱ ላይ በተኑት። «መድኃኒቱን ከነንፍሮው ብዪ እንግዲህ!» አሉና ሦስታችንም ሳቅን። ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረ ድንጋይ የተነሣልኝ ያህል ቀለለኝ።

አያ ደሴ የተሰባበሩትን አንድ በአንድ አጠፍ እያደረጉ ፈተኑ። «ይህ ቆርቆሮ ነው። ይህም። ይህኛው ግን ብረቱ ደኅና ነው፤ ለምን ይጣላል?» ብለው አዲስ እጀታ አበጁለት። ሁለቱን አዲሶችም ቃል እንደገቡት እጀታቸውን አበጅተው በስድስት መቶ ብር ሰጡኝ። ሲሸኙኝም «ቲማቲምና ሎሚ ቆርጠሽ ሳታጥቢው አትተዪው፤ ይዝጋል። አድርቀሽ ዘይት ቀቢው። ሲደንዝ ሞረድ አለ፤ እጀታው ቢላላ እኔ አለሁ» አሉኝ።

ባሕር ዳር፣ አሥራ አንድ ሰዓት

ቤት ስደርስ የሺ በረንዳው ላይ ጣናን እያየች ተቀምጣለች። እኔ ሳልኖር ሐኪም ቤት ሄዳ ክሩ ወጥቶላታል።

«እዪ» አለችና ጣቷን ቀስ አድርጋ አጠፈችው። እስከ መጨረሻው አልታጠፈም፤ ግን ታጠፈ። ሐኪሙ እየተሠራበት ሲሄድ ይፍታታል ብሏታል። አቅፌያት አለቀስሁ።

ቢላዎቹን ስፈታ እጇን ሳትዘረጋ አየቻቸው። አላጣደፍኋትም። በመጨረሻ ስሱን አንሥታ እጀታውን ጨበጥ ለቀቅ አደረገች፤ ተነሥታም አንድ ሽንኩርት አመጣች። መጀመሪያ ፈራ ተባ እያለች፣ ኋላ እየፈጠነች ከተፈችው።

ቢላ መምረጥ ስለቱን በጣት መሞከር ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ምን ልቆርጥበት ነው፣ ማን ይጨብጠዋል፣ ሲጎዳስ ማን ያድሰዋል ብዬ ሳልጠይቅ አልገዛም። ከዚህ የከበደውን ትምህርት ግን የተማርሁት ከንፍሮው ሳህን ነው። ጾሙ ገብቶ ቤታችን ሞልቷል፤ የሺም ከመክተፊያው አጠገብ ናት። ደንበኞች ቢላው የት ተሠራ ብለው ሲጠይቁኝ የአያ ደሴን ቤት ከነምልክቱ እነግራቸዋለሁ። «ንፍሮ ካቀረቡላችሁም ብሉ፤ እኔ በልቻለሁ» እላቸዋለሁ።