ስድሳ ሦስት ላይ የቆመው ሲዲ

ሲዲው ስድሳ ሦስት ላይ ሲደርስ ይቆማል። ልጄ ኮምፒውተሩ ፊት ተንበርክካ ጌሟ ከመቶ ስንት እጅ እንደተጫነ ቁጥሩን ትጠራለች፤ ስድሳ አንድ፣ ስድሳ ሁለት፣ ስድሳ ሦስት። ከዚያ ኮምፒውተሩ በእንቅልፉ ጥርሱን እንደሚያፋጭ ሰው ድምፅ ያሰማና ስክሪኑ ላይ አንድ ጽሑፍ ይወጣል። እኔ ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ እንግሊዝኛ በቶሎ አላነብም። ያንን ጽሑፍ ግን በዚያ ጠዋት አራት ጊዜ ስላየሁት መልኩን ለይቼው ነበር።

«አሁንም ሲዲውን ማንበብ አልቻልኩም ነው የሚለው?»

«የስ፣ ማሚ።» ዞር ብላ አላየችኝም።

«ለአባትሽ እንደውልለት?» ባሌ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ያን ቀን ኢንዲያና ውስጥ መንገድ ላይ ነበር።

«ዳዲ ስለ ኮምፒውተር ምን ያውቃል?» አለችና ስልኳን አነሳች። ለማን እንደምትደውል አውቄዋለሁ።

ለአክስቷ ነው። የባሌ ታናሽ እህት ከከተማው ወጣ ብላ ፒከሪንግተን ነው የምትኖረው። ኮሌጅ ጨርሳለች፤ ቢሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ትሠራለች፤ ልጅ የላትም። ፈረስ የሚረባበት ያ ጌም ተማሪ ሳለች ራሷ ስትጫወተው የነበረ ነው። ልጄ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት ከነአሮጌ ሣጥኑ አምጥታ ሰጠቻት። እኔ ለዚያው ልደት የክረምት ጃኬት ገዝቼላት ነበር፤ ጥሩ፣ የሚሞቅ ጃኬት። ልጄ ስማኝ አመሰገነችኝ። ሣጥኑን ግን አቅፋው ተኛች።

አክስቷ መጥፎ ሴት አይደለችም፤ ይህን አስቀድሜ ልጻፍ። እኔን «እትዬ» እያለች፣ «እርስዎ» እያለች ነው የምታናግረኝ። የምንበላለጠው በአራት ዓመት ነው። ባከበረችኝ ቁጥር ያረጀሁ ይመስለኛል።

ልጄ ትንሽ ሳለች የተበላሸ ነገር ሁሉ ወደ እኔ ነበር የሚመጣው። የአሻንጉሊት እጅ ሲነቀል፣ ዚፕ አልዘጋ ሲል፣ «ማሚ፣ ፊክስ ኢት» ብላ ጭኔ ላይ ትጥልልኛለች። እሠራውም ነበር። አሁን የሚበላሽባት ነገር እኔ የማላውቀው ነገር ሆነ። ሳምንቱን ሙሉ ግሮቭ ሲቲ፣ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ሥራ ላይ ነኝ፤ እሑድ ቸርች ነን። እኔና እሷ ብቻችንን የምንሆነው ቅዳሜ ብቻ ነው። በዚያች ቅዳሜ መሃል ነው የአክስቷ ፊት ስልኩን ሞልቶ የወጣው።

«ሃይ የኔ ቆንጆ! አሁንም እዚያው ላይ ቆመ?»

«ስድሳ ሦስት! አይ ሄት ኢት!»

«ቆይ፣ አትናደጂ። መጀመሪያ አውጪውና እንጥረገው። ለስላሳ ጨርቅ አላችሁ?»

ሮጬ የመነጽሬን መጥረጊያ አመጣሁ። ሲዲውን ተቀብዬ እንደ ሳህን ክብ እያዞርኩ መጥረግ ስጀምር አክስቷ ከስልኩ ውስጥ ጮኸች።

«ኖ፣ ኖ፣ እትዬ፣ በክብ አይጥረጉት! ይጭሩታል! ከመሃል ወደ ዳር፣ ቀጥ አድርገው።»

ልጄ ጨርቁንም ሲዲውንም ከእጄ ወሰደች። «ማሚ፣ ፕሊስ፣ አንቺ አትንኪው።»

አልነካሁትም። እጄን አጣጥፌ ቆሜ ሁለቱ ሲሠሩ አየሁ። ጠረገችው፤ ስድሳ ሦስት ላይ ቆመ። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራችው፤ ቆመ። አክስቷ ከሲዲው ወደ ኮምፒውተሩ ኮፒ አድርጊና ከዚያ ጫኚው አለቻት፤ ኮፒውም መሃል ላይ ቀረ። በመጨረሻ ሌላ ሲዲ ሞክሪ አለቻት። ቤት ያለው ሌላ ሲዲ የእኔ መዝሙር ነው፤ እሱም ሁለት ቃል ዘምሮ ተንተባተበ።

«እንግዲያው ሲዲው አይደለም፤ ማንበቢያው ነው የታመመው» አለች አክስቷ። «አሮጌ ኮምፒውተር እኮ ነው። ስሚ፣ ለምን እኔ ቤት አንጭነውም? አሁን መጥቼ ልውሰድሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሽ ትጫወቻለሽ፤ ስትፈልጊም ታድሪያለሽ።»

«ሪሊ? ኤቭሪ ሳተርዴይ?»

«እናትሽ ከፈቀደች።»

ልጄ ስልኩን ወደ እኔ አዞረችው። ሁለቱም አዩኝ፤ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ዓይን፣ በባሌ ቤተሰብ ዓይን። ምን እላለሁ? «እሺ» አልኩ። ቅዳሜዬን በአንድ ቃል አስረከብኩ።

ከፒከሪንግተን እኛ ሰፈር፣ ፍራንክሊንተን፣ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ልጄ ቦርሳዋን ልታዘጋጅ ወደ ክፍሏ እየዘለለች ሄደች። ስትዘል ካየኋት ቆይቻለሁ።

እኔ ሌላ ሥራ ስላጣሁ ኮምፒውተሩን አለበስኩት። ከሰከንድ ሃንድ ሱቅ ከገዛነው ጀምሮ አቧራ እንዳይገባው በኪሮሽ የሠራሁት ነጭ ዳንቴል አለው። ቴሌቪዥኑም የራሱ አለው፤ ማይክሮዌቩም። ልጄ ጓደኞቿ ሲመጡ ቀድማ እየገፈፈች መሳቢያ ውስጥ ትከታቸዋለች። የሲዲውን ማስገቢያ ግን ሁልጊዜ ገርበብ አድርጋ ነው ትታው የምትሄደው፤ ዘግቼ የማለብሰው እኔ ነኝ። ያን ቀን ሳለብሰው የዳንቴሉ ጫፍ ጎድሎ አየሁ። አንዱ ዘርፍ ተበጥሷል። የተበጠሰው ክር በማስገቢያው ስንጥቅ በኩል ጫፉን አውጥቶ ይታያል።

ልጄ ስትጫን ያየኋትን ቁልፍ ተጫንኩና ማስገቢያው ወጣ፤ መዝሙሬን ከላዩ አነሳሁ። ሲዲው የሚቀመጥበት ላይ ምስር የምታክል መስታወት አለች። መስታወቷ ላይ ከክሬ የወጣ ብናኝ ጥጥ ተኝቶባታል።

ዌርሃውስ ስገባ መጀመሪያ የተማርኩት ነገር ይህ ነው። ስካነሩ የዕቃውን ምልክት አላነብም ሲል ዕቃውን አትውቀሱ፣ ቀድማችሁ የስካነሩን ዓይን እዩ። በቀን ስንቴ እጠርገዋለሁ! ኮሌጅ የጨረሰችው ያላገኘችውን እኔ አገኘሁት፤ ደስ አለኝ። ደስታው አንድ ትንፋሽ ያህል ቆየ፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝና።

ኤሌክትሪኩን ነቀልኩ። ጥጥ ያለው የጆሮ መጥረጊያ አመጣሁ፣ ደረቁን። በአንድ እጄ የሌላውን አንጓ ይዤ፣ ሳልተነፍስ፣ ብናኙን አነሳሁት። ክሩንም ሳብኩት፤ ስንዝር ይሆን ነበር። ኤሌክትሪኩን መልሼ ሰካሁት። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን አላውቅም። የትኛውን ተጭኜ የትኛውን ልተው?

«ነይ፣ አንዴ ብቻ ሞክሪው» ብዬ ተጣራሁ።

ጃኬቷን ለብሳ፣ ጫማዋን አድርጋ መጣች። «ነካሽው?»

«ሞክሪው አልኩሽ።»

ኮምፒውተሩን አብርታ የጌሙን ሲዲ አስገባች። ስድሳ አንድ። ስድሳ ሁለት። የወንበሩን መደገፊያ ጨበጥኩ። ስድሳ ሦስት። ስድሳ አራት።

ጮኸች። ወዲያው በሩ ተንኳኳ፤ ልጄ ሮጣ ሄዳ አክስቷ ላይ ተጠመጠመች። «ሠራ! አንቺ እንዳልሽኝ ጠርጌው ሠራ!»

«ጎበዝ! ከመሃል ወደ ዳር አላልኩሽም?»

ክሩ በኪሴ ነበር። ዝም ብል ቅዳሜዬ ተመልሶልኛል፣ ጥፋቴንም የሚያውቅ የለም። ግን በር ላይ ያቺን መተቃቀፍ አየሁና አላስቻለኝም።

«በመጥረግ አይደለም» አልኩ። «የእኔ ዳንቴል ክር ገብቶበት ነው፤ ዓይኑን ጋርዶት ነበር። ያወጣሁት እኔ ነኝ።» ለመመስገን ብዬ ጥፋቴን በገዛ አፌ ተናዘዝኩ።

አክስቷ ክሩን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ከፍ አደረገችው። «እትዬ፣ ኮምፒውተሩም ነጠላ ይለብሳል?» ብላ እስክታነባ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመችና «ሌንሱን ግን እንዴት አገኙት? እኔ አላሰብኩትም፤ እውነቴን ነው» አለች።

ልጄ «ራስሽ አበላሽተሽ ራስሽ ሠራሽው!» ብላ በክንዷ ጎሰም አደረገችኝ። ያችን ጉሰማ ወደድኳት።

«ታዲያ መሄዱ ቀረ?» አልኩ፣ እንደ ቀልድ።

ልጄ እኔን ሳይሆን አክስቷን አየች። «እዚሁ እንጫወት። ፕሊስ ስቴይ!» አክስቷም ጫማዋን አወለቀች።

ቅዳሜዬ ቀረልኝ፤ አክስቷም አብራው ቀረች። ሁለቱ ምንጣፉ ላይ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ተቀመጡ፤ እኔ ከኋላቸው ሶፋው ላይ ሆኜ ሁለት ጀርባ አያለሁ። ቁጥሩ መቶ ሊሞላ ሲል ስክሪኑ ሁለተኛውን ሲዲ ጠየቀ። ልጄ ዓይኗን ሳትነቅል እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች፤ ማን ያቀብለኝ ሳትል እንዲሁ ዘረጋችው። ሲዲው ከአክስቷ ጉልበት አጠገብ ነበር፤ አክስቷም ልታነሳው እጇን ሰደድ አድርጋለች።

ከሶፋው ተነስቼ፣ በአክስቷ አናት ላይ አጎንብሼ፣ ቀድሜያት አነሳሁት። አክስቷ ቀና ብላ አየችኝ። ትታዘበኝ። ሲዲውን ዳር ዳሩን ይዤ ልጄ መዳፍ ላይ አስቀመጥኩት።

«ታንክ ዩ» አለች ልጄ፣ ማን እንደሰጣት ሳታይ።

«እኔ ነኝ» አልኳት።