ዶዮገና ላይ የታረቀው መረብ

ሆሳዕና ውስጥ ገነቴን የማያውቅ ሰው ካለ፣ በሕይወቱ ፎቶ ኮፒ አስፈልጎት አያውቅም ማለት ነው። በሱቋ ጥግ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር አለ፤ ማራገቢያው ሲጮኽ የአንጋጫን ዳገት የሚወጣ አይሱዙ ይመስላል። ሥራው የአንድ ዓለም አቀፍ ዲጂታል ገንዘብ መረብ ጥበቃ ነው፦ በየዐሥር ደቂቃው የሚመጣውን የዝውውር ጥቅል ይመረምራል፤ ሕግ የጣሰውን ይመልሳል።

ጠቡ የተነሳው በመረቡ ጠባቂዎች መካከል «ጥቅሉ በየሁለት ደቂቃው ይምጣ» የሚል ሐሳብ ሲመጣ ነው። ዱራሜ ያለው ሲላስ፣ ባለ አዲስ ኮምፒዩተሩ፣ ደገፈ። የገነቴ አሮጌ ግን ያን ሁሉ መሸከም ስለማይችል ከጥበቃው ሊሰናበት ሆነ።

«እህቴ፣ ለአንድ ቆርቆሮ ብለሽ ዓለምን ልታቆሚ ነው?» አላት ሲላስ በስልክ።

«ቆርቆሮው አንተ ስለ መረቡ ሳትሰማ ነው ሥራ የገባው። አክብረው!»

የሁለቱ ከተሞች የመረብ ጠባቂዎች ዐሥራ አንድ ናቸው፤ ለሁለት ተከፍለው ሰላምታ ተነፋፈጉ። በአገሩ ደግሞ ተጣልቶ ዝም ብሎ መቀመጥ የለም። ሁለቱንም ሒሳብ ያስተማሩት ጡረተኛው ጋሽ ተክለ ሃይማኖት ዶዮገና ላይ ለሽምግልና ተቀመጡ። ግማሽ ቀን ሰምተው፣ «አንቺም ቀንሺ፣ አንተም ጨምር፤ ስድስት ደቂቃ ይሁን!» ብለው ፈረዱ። ተሳሳሙ፤ ክትፎ በቆጮ ተበላ፤ ሲላስ ራሱ ፕሮግራሙን በስድስት አስተካክሎ ለዐሥራ አንዱም አደለ።

የቀረው ዓለም ግን ዕርቁን አልሰማም። መረቡ ተሰንጥቆ ገሚሱ በዐሥር፣ ገሚሱ በሁለት ቀጠለ። ዐሥራ አንዱ ኮምፒዩተሮች የዐሥሩንም የሁለቱንም ጥቅል «ሕግ የጣሰ» እያሉ መልሰው ጭጭ አሉ።

«ሽማግሌ ፊት የሰጠነውን ቃል እንዴት እናፍርሰው?» አለ ሲላስ ተጨንቆ።

«እኔ እሳቸው ፊት የሰጠሁትን እዚያው እመልሳለሁ» አለች ገነቴ። ኮምፒዩተሩን በጋቢ ጠቅልላ ሚኒባስ ተሳፈረች።

«እናቴ፣ ሕፃኑን እቀፊው፤ ወንበር አይዝም!» አላት ረዳቱ። እስከ ዶዮገና አቀፈችው።

ጋሽ ተክለ ሃይማኖት የሆነውን ሰምተው ደነገጡ። «እኔኮ የተጣላችሁት እናንተ ብቻ መስሎኝ ነው! ሌሎቹ ስንት ናቸው?»

«ብዙ ሺህ ናቸው፣ ጋሼ።»

«ለዚያ ሁሉ የሚበቃ ክትፎ ዶዮገና የለም። ቃልሽን መልሼልሻለሁ።»

እዚያው ሰክታ፣ በስልኳ ኢንተርኔት አገናኝታ፣ ወደ ዐሥር መለሰችው። ከዚያ ሲላስ ጋ ደወለች፤ «እኔ ወደ ዐሥሬ፣ አንተ ወደ ሁለትህ።»

«ተጣላን ማለት ነው?»

«የተለያየው መረቡ ነው። እኛ የምንጣላው እሑድ ከልጄ ምርቃት የቀረህ እንደሆነ ነው።»

ስልኩን ሳትዘጋ ማራገቢያው ጮኸ። የመጀመሪያው ጥቅል ተመርምሮ ገባ፤ አይሱዙው ዳገቱን ተያያዘው።