በቃል የሚታወቅ መንገድ

አዋላጇ ሞተር ሳይክል መንዳት የተማረችው ወዳ አይደለም። ዕድሜዋ አርባን ካለፈ በኋላ መሥሪያ ቤቷ ከወንዙ ማዶ ወዳለው አዲሱ ጤና ጣቢያ አዛወራት። ወደዚያ የሚሄድ አውቶቡስ የለም፤ ታክሲውም ድልድዩ አፍ ላይ አራግፎ ይመለሳል። ምጥ ደግሞ ሰው በእግሩ እስኪደርስ አይጠብቅም። ስለዚህ ልጆቿ ከሚሆኑ ጎረምሶች ጋር ሜዳ ወርዳ፣ ወድቃ ተነሥታ፣ ጉልበቷን ልጣ መንጃ ፈቃዷን አወጣች። የቀረው ሞተሩን መምረጥ ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ ከባሏ ላይ የሚነጥቅ ሰው አልነበረም። ባሏ ሹፌር ነው።

ሹፌር ሲባል ዝም ብሎ ሹፌር አይደለም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውን ሠራተኞች በአውቶቡስ ጠዋት ወስዶ ማታ የሚመልሰው እሱ ነው። አንድም ቀን አርፍዶ ስለማያውቅ «ደቂቃ» ይሉታል፤ እውነተኛ ስሙን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ወጣት ሳለ ሞተር ነበረው፤ ሲያገባት ሸጠው። ያንን ሞተር እስከ ዛሬ ያነሣዋል። አዋላጇም አንዳንዴ «ከሞተሩና ከእኔ ዛሬ ምረጥ ቢሉት ማንን ይመርጥ ይሆን?» ብላ ታስባለች፤ መልሱን ስለምትፈራው ግን ጠይቃው አታውቅም።

ይሁን እንጂ በዚያ እሁድ ጠዋት ወደ ጋራዡ አብረው ሲሄዱ ያስጨነቃት የሞተሩ ነገር አልነበረም። ያስጨነቃት የደቂቃ ዓይን ነው።

ሰሞኑን ውሃ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጭ አፈሰሰና «ክንዴን ነካሽኝ» አላት፤ እሷ ግን ከጠረጴዛው ማዶ ነበረች። ስልኩ ላይ መልእክት ሲገባ «እስቲ አንብቢልኝ፣ እጄ ዘይት ነክቷል» ይላል፤ እጁ ታጥቦ የደረቀ ነው። ጎረቤት ከሩቅ በእጁ ሰላም ሲለው ዝም ይልና ድምፅ ሲሰማ ነው የሚስቀው። ጠየቀችው፤ «ዕድሜ ነው፣ መነጽር እገዛለሁ» ብሎ አፏን ዘጋት። እሷም «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያለች ነፍሰ ጡሮችን ስትገሥጽ የምትውል ሴት፣ የገዛ ባሏን ዓይን በባትሪ ለማየት ድፍረት አጣች። ካየች ታውቃለቻ! ካወቀች ደግሞ ነገ ጠዋት አርባ ሰው ጭኖ የገደሉን ጥግ ለሚወርድ ሰው በር ላይ ቆማ «በሰላም ግባ» ልትለው ነው?

ስለዚህ በልቧ ቆረጠች። ዛሬ ሞተር ሲመርጥ አየዋለሁ፤ አጣርቶ ካየ ጥርጣሬዬን እተወዋለሁ፤ ካላየ ግን ነገ ያንን አውቶቡስ አያስነሣም። እንዴት አድርጋ እንደምትከለክለው ግን አታውቅም ነበር።

ጋራዡ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ የተሠራ፣ ወለሉ በተቃጠለ ዘይት የጠቆረ የቆርቆሮ ቤት ነው። ባለቤቱን «ወርቅ ጥርስ» ይሉታል፤ ሲስቅ የሚያሳየው ጥርሱን ሳይሆን ትርፉን ነው እያሉ ያሙታል። ሁለት ሞተሮች ደጅ አቁሞ ጠበቃቸው። አንዱ ትልቅ፣ ቀይ፣ አዲስ ቀለም የተቀባ፣ ከሩቅ የሚጣራ ነው። ሌላዋ ትንሽ፣ ግራጫ፣ መቀመጫዋ በክር የተጠገነ፣ ግድግዳው ሥር ተሸጉጣ የቆመች።

«ጋሼ ደቂቃ፣ እንኳን ደህና መጡ! ሲስተር፣ ቀዩን ለእርስዎ ብዬ ነው ስንቱን ገዢ የመለስኩት» አለ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

የደቂቃ ፊት በራ። «ይሄ ነው ሞተር ማለት!» አለ።

ቀይ መሆኑን አየ፣ አለች አዋላጇ በሆዷ። የጨነቀው ሰው ትንሿን ነገር እንደ ምሥራች ይቆጥራል።

«እግሬ መሬት ይደርሳል?» ብላ ጠየቀችው።

«እግርሽ ምን ይሠራልሻል? የሚሄደው ሞተሩ ነው።»

«ሲቆም ግን የምቆመው እኔ ነኝ።»

ወጣችበት። መሬት የነኩት የእግሯ ጣቶች ብቻ ናቸው። ሞተሩ ወደ ግራ ዘንበል አለ፣ ጉልበቷ ከዳት፣ ወርቅ ጥርስም ዘሎ መሪውን ያዘላት። ደቂቃ እዚያው ጎኗ ቆሞ ነበር፤ እጁን የዘረጋው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ዘግይቶ የማያውቅ ሰው ዘገየ። ይህንንም ከሌሎቹ ጋር በሆዷ አስቀመጠችው።

«ትለምጂዋለሽ፤ እኔም ስጀምር እንዲሁ ነበርኩ» አላት።

ነገሩ እንግዲህ ግልጽ ነው። ሰውዬው ለሚስቱ ሞተር እየመረጠ አልነበረም፤ የሸጠውን ሞተር መልሶ እየገዛ ነበር። ባሎች ስጦታ ሲገዙ እንዲህ ናቸው።

ከዚያ ግን ጎንበስ ብሎ መዳፉን ብረቱ ላይ ሲያሳርፍ የድሮው ደቂቃ ከተፍ አለ። «ትኩስ ነው» አለ ፊቱን አኮሳትሮ። «ሳንመጣ ለምን አሞቅከው?»

«እንዲያው ጠዋት ላየው ብዬ...»

«ቀድሞ የሚሞቅ ሲቀዘቅዝ እንቢ የሚል ሞተር ነው። ይቀዝቅዝ፤ እንጠብቃለን።»

ጠበቁ። ወርቅ ጥርስ ያልቆሸሸ እጁን በጨርቅ ደጋግሞ ጠረገ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብዙ ተረግጦ፣ አስሎ፣ በስንት ልመና ተነሣ። ደቂቃ የኋላ ጎማውን በእጁ እያዞረ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። «ሰንሰለቱ ላልቷል። የኋላ ጎማው ኩሽኔታም አልቋል፤ ሲዞር ያፏጫል። እነሱን ትቀይራለህ።» ወርቅ ጥርስ አንገቱን ደፍቶ «እሺ ጋሼ» አለ። አዋላጇም ትልቅ እፎይታ ተሰማት። ይህን ያህል የሚያውቅ ሰው እንዴት አያይም? ያልሆነ ነገር አስቤ ራሴን ስገድል ከረምኩ አለች፤ ልትስቅም ዳዳት።

«አሁን ቴላዮውን ልየው» አለ ደቂቃ። ቴላዮ የሞተሩ አጽም ነው፤ ሁሉን የሚሸከመው ብረት። ተንበረከከና ከመሪው ሥር አንገቱን አስገባ። ፀሐይዋ በዚያው በኩል ነበረች። አዋላጇ ከትከሻው በላይ አጎነበሰች፤ ያኔ አየችው። ከቀዩ ቀለም ሥር፣ መሪው ከአጽሙ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ የተቆረፈደ የብየዳ መስመር አለ፤ ከትንሽ ጣቷ ይወፍራል። እሷ ሰው የምትሰፋ ሴት ናት፤ ተቀዶ በመጥፎ እጅ የተሰፋ ነገር የትም ቢሆን አያመልጣትም። ይህ ሞተር አንድ ጊዜ ለሁለት ተሰብሯል።

የደቂቃ ፊት ከብየዳው በስንዝር ርቀት ላይ ነበር። ዓይኖቹ እንደተገለጡ በላዩ ላይ ሄዱ፤ ተመለሱም።

«ንጹሕ ነው» አለ።

ወርቅ ጥርስ ቀና ብሎ አዋላጇን አያት፤ እሷም አየችው። ደቂቃ ተነሥቶ ጉልበቱን እያራገፈ «ይሄን እንወስዳለን» አለ።

«ብየዳ አለ!» ብላ ብትጮህ በሰው ፊት፣ ያውም በሙያው ልታዋርደው ነው። ወርቅ ጥርስ የሰማውን ፋብሪካው ነገ ከምሳ በፊት ይሰማዋል። ዝም ብትልስ? ሞተሩ ቢከዳት የምትሰበረው እሷ ብቻ ናት። ነገ ጠዋት አውቶቡሱ ውስጥ ራሳቸውን መስኮት ላይ ጥለው፣ ያልጨረሱትን እንቅልፍ የሚተኙት ሰዎች ግን ሹፌሩን አምነው ነው የሚተኙት። የብዙዎቹን ልጆች ያዋለደችው ደግሞ እሷ ናት። እውነቱን እንናገር ከተባለ ከሐዘኑ ንዴቱ ቀደመ። ሰው ለገዛ ሚስቱ ይህን ያህል ይዋሻል?

«አንዴ ና» አለችው።

እጁን ያዘች። ምጥ ላይ ያለችን እናት እጅ ወስዳ የልጇን ራስ እንደምታስነካው፣ የባሏን ጣቶች ከመሪው ሥር አስገብታ ብየዳው ላይ አኖረቻቸው።

ጣቶቹ ቆሙ። ከዚያ ቀስ እያሉ መስመሩን ተከትለው ዞሩ፤ ደግመውም ዞሩ። አንገቱ ላይ ያለው ደም ሥር ሲመታ ታየዋለች። ፊቱን ወደ እሷ አላዞረም።

«ተበይዷል» አለ በመጨረሻ።

«ጋሼ፣ እሷ እኮ ትንሽ ነገር ናት፣ ጠንካራ ብየዳ...»

«ዝም በል! ሚስቴን ልትገድላት ነበር?» ብሎ ጮኸበት። ወርቅ ጥርስ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ቁጣው ግን ለወርቅ ጥርስ ብቻ እንዳልነበረ ባልም ሚስትም ያውቃሉ።

ጎማ ወደተከመረበት ጥግ ወሰደችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከክረምቱ» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «ጭጋግ ጭጋግ ይለኛል። ይለቀኛል ብዬ ጠበቅኩ።»

«እና በጭጋግ ነው ያን ሁሉ ሰው የምትጭነው?»

«መንገዱን በቃሌ ነው የማውቀው! እያንዳንዱን ኩርባ፣ እያንዳንዱን ጉድጓድ፤ ዓይኔን ጨፍኜ...» አልጨረሰውም፤ ያለውን ራሱ ሰማው።

«መንገዱን በቃልህ ታውቀዋለህ፤ እሺ» አለች። «መንገዱን የሚያቋርጠውን ልጅስ በቃልህ ታውቀዋለህ?»

ደቂቃ አንድ ጎማ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ «ካቆምኩ እኔ ምንድን ነኝ?» አላት፣ ድምፁ እንደ ትንሽ ልጅ ቀጥኖ። ይድናል ብላ ልታባብለው አፏ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጠችው።

«እኔ እንጃ። ዓይንህ ሳይመረመር አልዋሽህም። ሞራ ከሆነ ይገፈፋል። ሌላም ከሆነ አብረን እንሰማዋለን» አለችው።

ከዚያ ሄዳ ግራጫዋ ላይ ወጣች። ሁለቱም እግሮቿ ሙሉ በሙሉ መሬት ረገጡ። ደቂቃ ተከትሏት መጣና ብረቱን ነካ፤ ቀዝቃዛ ነው። በመጀመሪያው ርግጫ ተነሣች። አዳመጣት። ከዚያ በጣቶቹ ከመሪዋ እስከ ኋላ መብራቷ አጽሟን ሁሉ ዳበሰና «አንቺ ደግሞ በዓይንሽ እዪልኝ» አላት። ተንበርክካ አየች። የተበየደ ነገር የላትም። በዋጋው ሳይከራከሩ ተስማሙ፤ ወርቅ ጥርስም ያለ ወትሮው ሁለት ሄልሜት በነፃ ጨመረላቸው።

ሊወጡ ሲሉ ደቂቃ ስልኩን ዘረጋላት።

«ለስምሪት ኃላፊው ደውዪልኝ። ለነገ ሌላ ሹፌር ይፈልግ።»

«ራስህ ደውልለት እንጂ።»

«ቁጥሩ አይታየኝም» አለ።

ይህን ቃል ከአፉ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ቁጥሩን ፈለገችለት። ደውላ ሰጠችው፤ የተናገረው ግን እሱ ራሱ ነው፣ ሳይንተባተብ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ።

«ሰው ጭኜ አላውቅም» አለችው ሄልሜቷን እያጠለቀች።

«እኔም ከኋላ ተቀምጬ አላውቅም» አለና ወጣ። ወገቧን አጥብቆ ያዘ። ከጋራዡ ወደ ዋናው መንገድ የሚያወጣው ዳገት ጫፍ ላይ ስትደርስ ፍሬን ያዘች፤ ሁለት እግሮቿን መሬት ላይ ተከለች።

«ሞተሯን አታስጩኺያት» አላት ከኋላ። «ከግራ የሚመጣ አለ?»

«የጭነት መኪና አለ። ይለፍ።»

አለፈ። ነፋሱ ሁለቱንም ገፋቸው።

«አሁንስ?»

«ማንም የለም።»

ደቂቃ በሃያ ዓመት ሹፌርነቱ መንገዱ ነፃ መሆኑን ለሌላ ሰው ዓይን ትቶ አያውቅም።

«እንግዲያው ሂጂ» አላት።