ድምፅ የማያስወጣ ቤት

ከሆሳዕና የወጣን ዕለት ምሽት እኔና ባለቤቴ ዘነበች በርበሬ የጫነ መኪና ላይ፣ ጆንያ መሐል ተሸጉጠን ነበር። ሾፌሩ ኬላውን እስክናልፍ ትንፍሽ እንዳትሉ ብሎናል። በርበሬ ላይ ተቀምጦ ትንፍሽ አለማለት ምን እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። ዘነበች የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ፣ እኔ አፍንጫዬን ጨምድጄ ይዤ፣ እንባችን እየወረደ ሾኔ ደረስን። እዚያ ያጠራቀምነውን ሁሉ ስናስነጥስ ሾፌሩ ጎማ የፈነዳ መስሎት ወርዶ አየ።

አገር ቤት ያላችሁም፣ ከእኔ በኋላ እዚህ ኬንያ፣ ሞምባሳ የመጣችሁ ልጆችም፣ ለምን እንደወጣሁ የየራሳችሁን ታወራላችሁ። ፖለቲካ ነው የሚል አለ፤ ንግድ ነው የሚልም ሰምቻለሁ። እኔ የወጣሁት በሠራሁት ግድግዳ ነው። ግድግዳው ከመጠን በላይ አምሮ ተገኘ።

ሙያ ማንም አላስተማረኝም። ማንበብ እንኳ የለመድኩት ግድግዳ ላይ ከምለጥፋቸው አሮጌ ጋዜጦች ነው፤ ሌላው ሙጫው እስኪደርቅ ሲያወራ እኔ አነብ ነበር። ከሆሳዕና እስከ ሙዱላ በእኔ ምርጊት ላይ ስንጥቅ ያየ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

በደርግ ጊዜ ጸሎት ቤታችን ሲታሸግ ምእመኑ በየሰው ቤት በተራ እየተሰበሰበ በሹክሹክታ ይዘምር ጀመር። ዘነበች ግን በሹክሹክታ አልሆንላት አለ። ድምፅዋ እንደዚያ አልተሠራም፤ ስታፍነው ታለቅሳለች። ስለዚህ ቤታችንን ከውስጥ ልናድሰው ተነሣን። ከነባሩ ግድግዳ አንድ ክንድ ገባ ብዬ ሌላ ግድግዳ ማገርኩ። በሁለቱ መሐል የደረቀ የእንሰት ቅጠል ጠቀጠቅን። እሷ ጭቃውን ከጭድ ጋር በእግሯ ታቦካለች፣ እኔ እመርጋለሁ፤ ለኮርኒሱ ደግሞ ጆንያ በአቡጀዴ ደርባ ሰፋች። ሳሎኑ ጠበበ። አብረውን የሚኖሩት አማቴ፣ የዘነበች እናት፣ በር ላይ ቆመው ቤት ነው ወይስ ሙዳይ ብለው ጠየቁኝ።

ሥራዬን የምፈትነው እንዲህ ነበር። ዘነበች ውስጥ ሆና ትዘምራለች፤ እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ አዳምጣለሁ። ከተሰማኝ ተመልሼ ቀዳዳውን አድኜ እደፍናለሁ፤ የደፉን ሥር፣ የመስኮቱን ጠርዝ። አንድ ቀን ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ እንኳ ምንም አጣሁ። ብገባ ላብ አጥምቋት፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በሙሉ ድምፅዋ እየዘመረች ነው። እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

እንዲህ ያለ ሙያ ደግሞ ተደብቆ አይኖርም። ሻይ ቤት ውስጥ ሰዎች ስለ ምርጊት እንዲያው ሲቀባጥሩ ስሰማ ማስረዳት ግዴታዬ ነበር።

አንድ ጠዋት የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጥበቃ አስከትሎ መጣና ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ።

«ምን ቸግሮህ ነው ግድግዳ ላይ ግድግዳ የምትደርበው?»

«ባለቤቴን ብርድ አይስማማትም፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ጥበቃውን ውጭ አቆመና በሩን ዘግቶ የደም ሥሩ እስኪገተር መፈክር አሰማ። ከዚያ ወጥቶ ምን ሰማህ አለው። ልጁ ምንም አልሰማሁም አለ። መፈክር እንዴት አይሰማህም ብሎ ሊቆጣው ከጀመረ በኋላ ነገሩ ገባውና ፈገግ አለ።

«ጎበዝ ነህ። ለማረፊያ ቤታችንም ልክ እንዲህ ያለ ክፍል ትሠራልናለህ። ምርመራ ሲኖር ጎረቤቱ እንቅልፍ አጣን እያለ አስቸገረን።»

እንጨቱንም ጭዱንም ቀበሌው እንደሚያቀርብ፣ ሰኞ እንድጀምር ነግሮኝ ሄደ። ባለሙያ ነኝና የክፍሉን ስፋት በልቤ መለካት ጀምሬ ነበር። ዘነበች የእጇን ጭቃ ሳትታጠብ ፊቴ ቆመች።

«መዝሙር የደፈንክበት እጅ የሰው ጩኸት አይደፍንም።»

እምቢ ብል ደግሞ የዚያ ክፍል የመጀመሪያ ነዋሪ እኔው ነኝ። አማቴ እንሰቴን ለማን ጥዬ ብለው ቀሩ። እኛ በርበሬው ላይ ወጣን።

የሞያሌን መንገድ ያልቀመሰው የለምና እዘለዋለሁ። ሞምባሳ ሙቀቱን ጆቶ ይሉታል፤ ቃሉን ስትጠሩት ራሱ ያልባችኋል። ሆሳዕና ጋቢ ደርበን የምንንቀጠቀጥ ሰዎች እዚህ አንሶላ ጠላት ሆነብን። ኡጋሊ የሚባል የበቆሎ ገንፎ አቀረቡልንና ዘነበች ቀምሳ፣ ይኼ ቆጮን በወሬ የሰማ ነው አለች።

የተከራየነው የድንጋይ ቤት ግድግዳው አናት ላይ ዙሪያውን ቀዳዳ ነው። ግንበኛው ሳይጨርስ የሄደ መሰለኝ። በጭቃና በኮኮናት ቃጫ አንድ በአንድ ደፈንኩት፤ ኮርኒስ ወጠርኩ፤ መጋረጃ ደረብኩ። ዘነበች አታግዘኝም። ከመጣን ጀምሮ አልዘመረችም። ቤቱ ገና ስላላለቀ ይሆናል ብዬ አልጋውን ወዲህ፣ መከፋፈያውን ወዲያ አደርጋለሁ፤ በማግስቱ መልሼ አፈርሳለሁ። እጄ አላርፍ አለኝ።

አከራያችን ሽማግሌው ምዜ ሳሊም ሊጠይቀን ገብቶ ቆቡን አወለቀና ራሱን ያራግብ ጀመር። እዚህ ባለሙያን ፉንዲ ይሉታል።

«ፉንዲ፣ አያቴ ያን ቀዳዳ የተወው ንፋስ እንዲገባ ብሎ ነው።»

«ንፋስ ይመታል።»

«ማንን መታ?»

እውነቱን ነገርኩት፤ የባለቤቴ መዝሙር እንዳይሰማ ነው አልኩት። ወደ ዘነበች ዞሮ አያት።

«ትዘምራለች እንዴ? እዚህ ሰፈር ከንጋት ጀምሮ የማይጮህ የለም፤ የእሷን ግን አንድ ቀን አልሰማሁም።»

«እንግዲህ ሥራዬ ማለት ያ ነው» አልኩት።

እሱ እንደወጣ ዘነበች መሮዬን አነሣች። ወንበር ላይ ወጥታ የደፈንኩትን ትፈለፍል ጀመር። ማፍረስም ሥርዓት አለው ብዬ ወንበሩን ያዝኩላት። የባሕር ሽታ ያለው ንፋስ ገባ። አልዘመረችም።

በሞያሌ የሚመላለስ የሾኔ ነጋዴ ለአማቴ ቀን ቆርጦልን፣ ሆሳዕና ቴሌ ሄደው እንዲጠብቁን አደረገ። እኛ ከዚህ ደወልን። እሳቸው ያሉበት አዳራሽ ሰው ሞልቶበታል፤ ማን ጆሮ እንደሚጥል አይታወቅም። ዘነበች እናቷን በአፋችን አማ ነው የምትላቸው። እኔ ጆሮዬን ከጆሮዋ ጋር ለጥፌ ነበር።

«አማ፣ ቤቱ እንዴት ነው?»

«እንደደፈናችሁት ነው፤ አንዷን ቀዳዳ አልነካሁም። ያንቺስ?»

«እኔ ሁሉንም ከፈትኩት።»

አማቴ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እንግዲያው የእኔንም ድምፅ አንቺ አውጪልኝ።»

ምርጊቱ ስንጥቅ አውጥቶ እንደሆነ ልጠይቅ አፌን ስከፍት መስመሩ ተቋረጠ።

ቤት ገብተን ዘነበች ነጠላዋን ሳታወልቅ ዘመረች። እኔ እንደ ልማዴ ወጣሁ። መንገዱ ጋ ቆምኩ፤ ይሰማል። ዳቦ ቤቱን አለፍኩ፤ ይሰማል። የት እንደሚያልቅ ልወቅ ብዬ ወደ ሰሜን፣ ወደ አገራችን በኩል እያዳመጥኩ ሄድኩ።

ዛሬም ስትዘምር መቀመጥ አልችልም፤ ተነሥቼ እወጣለሁ። በሁሉም አቅጣጫ ሞክሬዋለሁ። ድምፅዋ ቢርቅ ቢርቅ ከጀልባ ማቆሚያው አልፎ አያውቅም።