መምህር ታደለን ሁለት ጊዜ የቀዳሁበት ሳምንት

ሀዋሳ ውስጥ ባለ አንድ የመምህራን ኮሌጅ ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ የቪዲዮ ትምህርት ክፍል ኃላፊው አቶ ዱካሞ አንድ ዴስክቶፕ፣ አንድ ማይክሮፎንና መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ፣ ባትሪው ያረጀ ዩፒኤስ አስፈርመው አስረከቡኝ። የመጀመሪያ ሥራዬ በኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ የሚታየውን ከአስተማሪው ድምፅ ጋር የሚቀዳ ሶፍትዌር መምረጥ ነበር።

ጊዜ አልነበረንም። ፊዚክስ የሚያስተምሩት መምህር ታደለ በሚቀጥለው ሳምንት ለጉሮሮ ቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ይሄዳሉ። ሐኪሙ ድምፃቸው ላይመለስ እንደሚችል ነግሯቸዋል። ከመሄዳቸው በፊት ትምህርታቸው እንዲቀዳ የጠየቁት ራሳቸው ናቸው።

ባህል አዳራሽ አካባቢ ካለ የኮምፒውተር ሱቅ ሦስት ሶፍትዌር በሲዲ አመጣሁ። አንደኛው ስክሪኑ መሀል ላይ የኩባንያውን ስም ይለጥፋል፤ ተውኩት። ሁለተኛው መልኩ የማያምር፣ ከመቅዳት ሌላ ምንም የማያውቅ ነበር። ሦስተኛው ጽሑፍ ያጎላል፣ በማውሱ ዙሪያ ቢጫ ክብ ይሠራል። አምስት አምስት ደቂቃ ሞከርኳቸውና ሦስተኛውን መረጥኩ።

ዘመኑ መብራት በፈረቃ የሚታደልበት ነው፤ ፈረቃውም አይታመንም። አቶ ዱካሞ መብራት ቢሄድስ ብለው ጠየቁኝ። ዩፒኤስ አለን አልኳቸው። ባትሪው ማርጀቱን አውቃለሁ፤ ግን በገባሁ በሦስተኛው ቀን ችግር ማውራት ከበደኝ።

ማክሰኞ ጠዋት፣ አቶ ዱካሞም ባሉበት፣ መምህር ታደለ ለብ ያለ ውሃ እየተጎነጩ ከአንድ ሰዓት በላይ አስተማሩ። አንድ ገጽ ሲቀራቸው መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ ሁለቴ ጮኸና ዝም አለ።

መብራት ሲመለስ ፋይሉን ፈለግሁ፤ የለም። ለካ ሶፍትዌሩ የቀዳውን የሚያስቀምጠው «አቁም» ሲባል ብቻ ኖሯል። መምህሩ ከኋላዬ ቆመዋል።

«ጠፋ አይደል?» አሉኝ።

«አዎ፣ መምህር። ጥፋቱ የእኔ ነው። ዩፒኤሱ እንደማያስተማምን አውቅ ነበር።»

አቶ ዱካሞ ሊቆጡኝ ሲሉ መምህሩ በእጃቸው ከለከሏቸው። «ሐሙስ እመጣለሁ» አሉ። «እስከዚያ ከማንም ጋር አላወራም።»

እስከ ሐሙስ ያንን የማያምረውን ሶፍትዌር ፈተንኩት። እየቀዳ ሳለ ሶኬቱን ከግድግዳው እነቅላለሁ። አሥር ጊዜ ነቀልኩ፤ በእያንዳንዱ የሚጠፋው የመጨረሻው ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነበር።

ሐሙስ መምህር ታደለ በሻከረ ድምፅ፣ ምሳሌዎቹን እያሳጠሩ አስተማሩ። መብራት ሁለቴ ሄደ፤ ሁለቴም ካቆምንበት ቀጠልን።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ድምፃቸው አልተመለሰም። ተማሪዎች ለዓመታት ያዩት የሐሙሱን ነው። የማክሰኞው ይሻል ነበር፤ ያንን የምናውቀው ግን በክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሦስታችን ብቻ ነን።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ፦ ሶፍትዌር ከመምረጣችሁ በፊት እየቀዳ ሳለ ሶኬቱን ንቀሉና ምን እንደተረፈ እዩ። አለቃ ሲጠይቃችሁም ያረጀውን ባትሪ አርጅቷል በሉ።